ጎረቤቴ ሱቅ ደንበኛ ሲገባ

ለአነስተኛ ነጋዴዎች ስብሰባ የተደረገ ንግግር

እንደምን አመሻችሁ። ሱቃችሁን በጊዜ ዘግታችሁ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። ለእኛ አንድ ሰዓት ቀድሞ መዝጋት ቀላል አይደለም። በተለይ አመሻሽ ላይ፣ ከሥራ የወጣ ሰው ጎራ በሚልበት ሰዓት።

እኔ ሽሮ ሜዳ የባህል ልብስ እሸጣለሁ፣ አሰፋለሁም። ከስድስት ኪሎ ወደ እንጦጦ ሲወጣ፣ ግራና ቀኙ ነጭ ልብስ የተሰቀለበትን መንገድ ታውቁታላችሁ። ሱቄ ከእነዚያ አንዷ ናት። ጠባብ ናት። ሁለት ደንበኛ ከገባ ሦስተኛዋ በር ላይ ቆማ ትጠብቃለች።

ሱቁን የከፈትኩ ሰሞን የነበረኝን ስሜት ሳልደብቅ ልንገራችሁ። ጎረቤቴ ሱቅ ደንበኛ ሲገባ አንጀቴ ያርር ነበር። ጎረቤቴ በዕድሜ እናቴ የሚሆኑ ሴት ናቸው፣ እትዬ ነው የምላቸው። ደንበኛዋ እሳቸው ጋ ገብታ ቀሚስ ስትለካ አያለሁ። ከራሴ ጋር "ይቺ የእኔ ነበረች" እላለሁ። ጠዋት ሰላም ስላቸው እንኳ አፌ እንጂ ልቤ አልነበረም።

ዛሬ ስለዚያ ስሜት ነው የማወራው። ብዙዎቻችን ውስጥ እንዳለ አውቃለሁ። እስኪለቀን ድረስ ደግሞ መረዳዳት የሚባለውን ነገር በአፋችን እንጂ በሥራችን አንጀምረውም።

እስቲ መርካቶን አስቡ። ሚስማር የፈለገ ሚስማር ተራ ይሄዳል። ጨርቅ የፈለገ ሸማ ተራ። ያገለገለ ዕቃ የፈለገ ምናለሽ ተራ። በርበሬ የፈለገ በርበሬ በረንዳ። ለምንድን ነው ሰው ከከተማው ዳር ሁለት ታክሲ ይዞ እዚያ ድረስ የሚመጣው? ብዙ ሻጭ ስላለ ነው። አንዱ ጋ ቢያጣ ቀጥሎ ያለው ጋ ያገኛል። አንዱ ቢወደድበት ሌላውን ይጠይቃል። ይህን ስለሚያውቅ በልበ ሙሉነት ይመጣል። ተራውን ተራ ያደረጉት ጎን ለጎን ተቀምጠው ያንኑ ዕቃ የሚሸጡት ሰዎች ናቸው። እኛ ተፎካካሪ የምንላቸው ማለት ነው።

ሽሮ ሜዳም እንደዚያው ነው። ሙሽራዋና እናቷ ከአዳማ የሚመጡት የእኔን ሱቅ ብለው አይደለም። የሱቄን ስምም አያውቁትም። የሚመጡት "ሽሮ ሜዳ" ብለው ነው።

አንድ ጊዜ ከእኔ በላይ ያሉ ሁለት ሱቆች ተከታትለው ተዘጉ። ኪራዩ ከብዷቸው ነው። ቤቶቹ መጋዘን ሆኑ። እኔ ያኔ በውስጤ "ደንበኞቻቸው ወደኔ ይመጣሉ" ብዬ ነበር፣ ሳልዋሻችሁ። የሆነው ሌላ ነው። ከታች እያየ የሚወጣው ሰው የተዘጉት በሮች ጋ ሲደርስ "እዚህ ጋ አለቀ መሰለኝ" ብሎ ይመለስ ጀመር። ከመጋዘኖቹ በላይ ያሉት ሱቆች ገበያቸው ቀዘቀዘ። እኔ ደግሞ ከመጋዘኖቹ በታች የመጨረሻዋ ሆንኩ፤ ሰው እኔ ጋ ሲደርስ ደክሞት፣ አይቶ አይቶ ጨርሶ ነው። ያኔ ገባኝ። የእትዬ ሱቅ ቢዘጋ እኔን ነው የሚጎዳኝ።

ከዚያ በኋላ የለወጥኩት የመጀመሪያው ነገር አንዲት ቃል ናት። "የለም" የምትለዋን።

ድሮ ደንበኛ የሌለኝን ነገር ስትጠይቀኝ "የለም" እላለሁ፣ ወይም ያለኝን ነገር ልሸጥላት እታገላለሁ። አሁን "እኔ ጋ የለም፣ እትዬ ጋ አለ፣ ነይ ላሳይሽ" እላለሁ። ይዣት እሄዳለሁ። በቃል ማመላከትና ይዞ መሄድ አንድ አይደለም። ይዘሃት ስትሄድ ደንበኛዋ ባለሱቁ ጋ በአደራ ነው የምትገባው። እሳቸውም ያንን ያውቃሉ፣ ዋጋ አያከብዱባትም። በነጋታው እሳቸው ለወንድ የሚሆን ሸሚዝ የፈለገ ሰው ይዘው ይመጣሉ። እሳቸው የወንድ አይዙማ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር። ጎረቤታሞች ሆነን በደንበኛ ኮሚሽን አንቀባበል። ደላላው ሥራው ነው፣ ይቀበል። እኛ ከተቀባበልን ግን ያ ገንዘብ ዞሮ ቀሚሱ ዋጋ ላይ ነው የሚጨመረው። ደንበኛዋም ነገሩ ይገባታል። አብሬያት ስሄድ ዓይኔን ታያለች።

አሁን ወደሚያስጨንቀኝ ጉዳይ ልምጣ። ስለ ክፍያ ነው።

አንድ መሥሪያ ቤት ለበዓል ሠራተኞቹን የባህል ልብስ ሊያለብስ ፈልጎ 60 ልብስ አዘዘኝ። በሕይወቴ ከተቀበልኩት ትእዛዝ ሁሉ ትልቁ ነበር። ሌሊት ተሠርቶ በቀኑ ደረሰ። ለብሰውትም አየሁ፣ ደስ አለኝ። ገንዘቡን የተቀበልኩት ግን ከሰባት ወር በኋላ ነው። "ፊርማ ይቀራል"፣ "ፈራሚው መስክ ወጥቷል"፣ "ሰኞ ብቅ በይ"። ስንት ሰኞ ብቅ አልኩ መሰላችሁ።

እኔን የሚያሳፍረኝ ግን የእነሱ ሥራ አይደለም። በእነዚያ ወራት እኔ ራሴ ያደረግኩት ነው። ልብሶቹን የሸመኑልኝ ሽማግሌ አሉ፣ ከጋሞ ደጋ መጥተው ዕድሜያቸውን ሙሉ እዚህ የሸመኑ። ጋሼ ነው የምላቸው። ለእሳቸው ደግሞ እኔ "የሚቀጥለው ሳምንት" እላለሁ። እንደገና "የሚቀጥለው ሳምንት"። አይቆጡም። አንገታቸውን ነቅንቀው ይሄዳሉ። አንድ ጠዋት ሱቅ ስከፍት ደጃፉ ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። "ልጄ" አሉኝ፣ "ማግ መግዣ የለኝም። ሥራ ከቆመ ሁለት ሳምንቱ ነው።"

ሁለት ሳምንት! እግራቸውን ከተው የሚሸምኑበት ጉድጓድ ባዶ፣ መወርወሪያው ቁጭ ብሎ፣ ልጆች ቤት አሉ። መሥሪያ ቤቱ እኔ ላይ ያሸከመኝን ሸክም እኔ ደግሞ ከሁላችን ያነሰ አቅም ያለው ሰው ላይ አሳልፌው ነበር። እሳቸው ለማን ያሳልፉት?

ስለዚህ ከእናንተ ጋር ስለ መረዳዳት ስናወራ የመጀመሪያ ጥያቄዬ ይሄ ነው፦ ዛሬ ማታ የማን ገንዘብ እጃችሁ ላይ አለ? የሰፊው? የጠላፊዋ? ጎረቤታችሁ በዱቤ የሰጣችሁ ዕቃ ሒሳብ? እኔ ከዚያ ወዲህ ለሸማኔ ሳዝ ግማሹን ወዲያው፣ ቀሪውን ልብሱን በተረከብኩበት ቀን እከፍላለሁ። ካልቻልኩ አላዝም። ከጎረቤት ሱቆች ጋር ደግሞ እርስ በርስ የተወሳሰድነውን ቅዳሜ ማታ ቁጭ ብለን እንተሳሰባለን። ያንተ ይሄ፣ የኔ ይሄ፣ ልዩነቱ ይሄ። ሰኞ በንጹሕ ደብተር ይጀመራል። ከዚህ የሚበልጥ እርዳታ ለነጋዴ ያለ አይመስለኝም። ብድር ከመስጠት በፊት ዕዳን በሰዓቱ መክፈል ይቀድማል።

ስለ እቁብ አታስተምሪን ትሉኝ ይሆናል። ሁላችንም እንጥላለን። ዳኛው፣ ጸሐፊው፣ ዋሱ፣ ዕጣው፣ ሁሉን እናውቀዋለን። ግን እቁብን እንደ ልማድ እንጂ እንደ ንግድ መሣሪያ አስበን የምንጥል ስንቶቻችን ነን?

ሒሳቡን እንየው። 20 ሰው በየሳምንቱ 2,000 ብር ቢጥል ዕጣው 40,000 ብር ነው። መጀመሪያ የወጣለት ሰው የራሱን 2,000 ብር ጥሎ 38,000 ብር ያለ ወለድ፣ ያለ ቤት ካርታ ተበደረ ማለት ነው። መጨረሻ የወጣለት ደግሞ ለሃያ ሳምንት አጠራቀመ። ባንክ ብሄድ ይህን የሚሰጠኝ የለም። ግን ዋጋ እየጨመረ በሚሄድበት ዘመን የመጨረሻው ሰው ይጎዳል። መስከረም ላይ በ40,000 ብር የሚገዛው ድርና ማግ ጥር ላይ በዚያው ብር አይገዛም። እቁባችን ውስጥ ይህን ተነጋግረን አንድ ነገር ወሰንን፤ ባለፈው ዙር ከመጨረሻዎቹ አምስት ውስጥ የነበረ ሰው በሚቀጥለው ዙር ዕጣው ከመጀመሪያዎቹ አምስት ውስጥ ይወጣል። ቀላል ነገር ነው፣ ግን ስንት ኩርፊያ አስቀረልን።

ሁለተኛው ነገር የበለጠ ይጠቅማችኋል ብዬ አስባለሁ። ቀድሞ እቁባችን የባህል ልብስ ነጋዴዎች ብቻ ነበርን። ሁላችንም ነሐሴ ላይ ገንዘብ እንፈልጋለን፣ ለእንቁጣጣሽ ዕቃ ለመሙላት። ሁላችንም ታኅሣሥ ላይ እንፈልጋለን፣ ጥምቀት ስለሚመጣ። ዕጣው የሚወጣው ግን ለአንድ ሰው ነው። ሌሎቹ በዓሉን ባዶ መደርደሪያ ይዘን እንቀበላለን። አሁን ሥጋ ቤት አለን፣ ዳቦ ቤት አለ፣ የጽሕፈት መሣሪያ የሚሸጥ ልጅ አለ፣ ጸጉር ቤት አለች። የእያንዳንዱ ገበያ የሚደምቅበት ጊዜ ይለያያል። ሥጋ ቤቱ ገንዘብ የሚፈልገው ፋሲካ ሲቃረብ ነው፣ በሬ ለመግዛት። የጽሕፈት መሣሪያው ልጅ ትምህርት ቤት ሊከፈት ሲል። ስለዚህ በስምምነት ዕጣ እንለዋወጣለን። ዐቢይ ጾም ሲገባ ሥጋ ቤቱ ለ55 ቀን ገቢ የለውም። እሱ ደግሞ የጾሙን መዋጮ ከጾሙ በፊት ቀድሞ ይጥላል። ይህን ሐሳብ ያመጣው ራሱ ነው። "ጾም ላይ አስጨንቄያችሁ ከምኖር አሁን ውሰዱልኝ" አለ።

ዋስ ላይ ግን አትለሳለሱ። ዕጣውን በልቶ የጠፋ ሰው ከገንዘቡ ይልቅ የሚያጠፋው መተማመኑን ነው። ጓደኛም ይሁን ዘመድ ዋስ ያምጣ፣ ይጻፍ፣ ይፈረም። ገንዘቡም በቴሌብር ወይም በባንክ ቢገባ መዝገብ ይሆናችኋል።

አብሮ ስለ መግዛትም ልንገራችሁ፣ ተሳስተን ስለተማርንበት።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ ታስታውሳላችሁ። ዶላር ባንክ ውስጥ 57 ብር ገደማ ነበር። በጥቂት ሳምንታት ከ100 ብር አለፈ። የእኛ ክር አብዛኛው ከውጭ ነው የሚመጣው። ክር ሻጩ ጠዋት የነገረኝን ዋጋ ከሰዓት ይቀይረዋል። አንድ እሽግ፣ ሁለት እሽግ ለምትገዛ ትንሽ ነጋዴ ደግሞ የሚራራ የለም። አምስት ሆነን ገንዘብ አዋጥተን ሄድን። አምስት ሰው የሚገዛውን በአንዴ ስንጠይቅ የሰውየው አቀባበል ተለወጠ። ወንበር አመጣልን! ዋጋውም ቀነሰ።

ያላሰብነው ሌላ ጥቅምም አገኘን። ክር አንድ ዓይነት ቀለም ተብሎ እንኳ በተለያየ ጊዜ ከተነከረ ይለያያል። ሱቅ ውስጥ አይታወቅም፣ ፀሐይ ላይ ሲወጣ ይታወቃል። አንድ ላይ ስንገዛ አምስታችንም አንድ ጊዜ የተነከረ ክር ያዝን። ብዙም ሳይቆይ ለ12 ሚዜ ቀሚስ የሚፈልግ ሰርግ መጣ፣ ጊዜው ሦስት ሳምንት። ለብቻዬ ብሆን እመልሰው ነበር። ለሦስት ሱቅ ተከፋፈልነው። ጥለቱ አንድ፣ ቀለሙ አንድ። ሚዜዎቹ ተሰልፈው ሲቆሙ የትኛዋ ቀሚስ ከየትኛው ሱቅ እንደወጣ እኔ ራሴ መለየት አቃተኝ። "ድር ቢያብር አንበሳ ያስር" ሲባል እዚህ አገር ያልሰማ የለም። ሸማኔ ግን አንድ ነገር ይጨምርበታል፤ ድር ብቻውን ጨርቅ አይሆንም፣ በመካከሉ የሚመላለስ ማግ ያስፈልገዋል። በእኛ መካከል የሚመላለሰው ነገር ሥራ ነው።

ስህተታችን ደግሞ ደረሰኙ ላይ ነው። ሻጩ ሁሉንም በአንድ ሰው ስም አንድ ደረሰኝ ቆረጠ። ግብር ሲመጣ አራታችን ወጪያችንን የምናሳይበት ወረቀት አልነበረንም፤ ስሟ ያለባት ልጅ ደግሞ ያልገዛችው ዕቃ ስሟ ላይ ተመዝግቦ ቁጭ አለ። ሁለተኛ ስንሄድ ገና ዋጋ ሳንነጋገር "ደረሰኙ ለአምስት ይቆረጣል" አልን። ዕቃው አንድ ሱቅ ያድራል፣ ቁልፉ ሌላ ሰው ጋ ይሆናል፣ መዝገቡን ሦስተኛ ሰው ይይዛል። የመኪናው ኪራይ በወሰድነው መጠን ይካፈላል። እነዚህን ነገሮች ዕቃው ከመጫኑ በፊት ጨርሷቸው። ከተጫነ በኋላ ወሬው ጸብ ነው የሚሆነው።

አንድ ጥንቃቄ። አብሮ መግዛትና በመሸጫ ዋጋ መማማል ለየቅል ናቸው። "ከዚህ በታች ማንም እንዳይሸጥ" ብለን ከተስማማን የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ይከለክላል። ሕጉ ባይኖር እንኳ ደንበኛን አንድ ሆኖ ማጥመድ ነው፣ አልወደውም። ሰው ወደ ተራችን የሚመጣው ዋጋ አነጻጽሮ መግዛት ስለሚችል ነው አላልኩም?

መካፈል ያለብን መረጃውን ነው። የቱ አከራይ ውል እንደሚያከብር፣ የቱ ክር ፈዛዛ እንደሆነ፣ ዛሬ የውሸት የባንክ መልእክት እያሳየ ዕቃ ይዞ የሚሄድ ሰው ወደ የት እየመጣ እንደሆነ። እኛ ተራ አንዲት ልጅ በዚህ መንገድ ሦስት ቀሚስ ተወሰደባት። ስክሪኑ ላይ "ተልኳል" የሚል አይታ አመነች። አፍራ ለማንም ሳትናገር ዋለች። በማግሥቱ ያው ሰው አምስት ሱቅ አልፎ ሌላዋን አታለላት። ባትደብቀው ኖሮ ቢያንስ ሁለተኛዋ ትተርፍ ነበር። መታለል አያሳፍርም። ዛሬ በቴሌግራም አንድ ቡድን አለን፣ ወሬና መዝሙር አይለጠፍበትም። እንዲህ ያለ ነገር ብቻ ነው የሚጻፍበት። ስለዚህም ሁሉም ያነበዋል።

በ2017 ጥቅምት ወር መርካቶ ሸማ ተራ ሲቃጠል ብዙዎቻችን ያን ሌሊት አልተኛንም። የምናውቀው ሰው ዕቃ ያለበት ነው። ዕድሜ ልካቸውን ያፈሩት በአንድ ሌሊት አመድ የሆነባቸው ነጋዴዎች ጠዋት ደጅ ቆመው አየን። እኔ በነጋታው እቁባችን ስብሰባ ላይ አንድ ጥያቄ አነሳሁ። የአንዳችን ሱቅ ዛሬ ማታ ቢቃጠል ነገ ጠዋት ምን እናደርጋለን? ዝም ተባለ። ለሞት እድር አለን፣ ድንኳኑም ወንበሩም ዝግጁ ነው። ለሱቅ ግን ምንም። ያን ቀን ሁለት ነገር ተስማማን። አደጋ የደረሰበት ሰው ዕጣ ሳይጠበቅ የዚያ ሳምንት እቁብ ለእሱ ይሆናል። የእሱ መዋጮ ደግሞ ለሦስት ወር ይቆማል፣ ኋላ ይከፍላል። ወረቀት ላይ ሰፍሮ ሁላችንም ፈርመናል። ፈጣሪ ይጠብቀንና እስካሁን አልተጠቀምንበትም። እናንተም ቤታችሁ ስትገቡ ይህን ጥያቄ ለራሳችሁ ተራ አንሱት። ኢንሹራንስ መግባት የምትችሉ ግቡ፣ ይህ እሱን አይተካም።

የመጨረሻው ስለ እትዬ ነው።

ሁለተኛ ልጄን ስወልድ ሱቁን ማን እንደሚከፍትልኝ አላውቅም ነበር። ጊዜው ጥምቀት ሊደርስ ወር ሲቀረው ነው። ሱቁን ልዝጋው ብዬ ቆርጬ ነበር። እትዬ ሊጠይቁኝ ገንፎ ይዘው መጡ። ሲነሡ "ቁልፉን ስጪኝ" አሉ። እንቢ ማለት አልቻልኩም።

አርባ ቀን ሙሉ የራሳቸውን ሱቅ ይከፍታሉ፣ ቀጥለው የእኔን ይከፍታሉ። ልጃቸው ከትምህርት ቤት ስትመጣ እሷ አንዱ ጋ ትቀመጣለች። በአርባኛው ቀን ሱቅ ስገባ መደርደሪያው ግማሹ ባዶ ነው፣ ብሩ በፖስታ ታስሯል፣ ከላዩ የተማሪ ደብተር አለ። ከፈትኩት። በእጃቸው ጽሑፍ ቀን በቀን ሰፍሯል። "ነጠላ 2።" "የሕፃን ቀሚስ 1፣ ትንሽ ቀንሼላታለሁ፣ ተማሪ ናት።" "ረጅሟ ሴትዮ ማክሰኞ ትመለሳለች፣ እጅጌው ይጠርላት ብላለች።" አንድ ገጽ ላይ ደግሞ "ለቡና 20 ብር ከመሳቢያሽ ወስጃለሁ" ይላል። ከሥሩ በሌላ ቀለም እስክሪፕቶ "መልሻለሁ።"

ደንበኛ እሳቸው ጋ ሲገባ አንጀቴ ያርርባቸው የነበሩት ሴት ናቸው እንግዲህ።

ደብተሩ አሁንም መሳቢያዬ ውስጥ ነው። እትዬ በዚህ ሳምንት ዓይናቸውን ሊታከሙ ሐኪም ቤት ይገባሉ፣ ጥቂት ቀን ያርፋሉ። ቁልፋቸው እኔ ጋ ነው። ከሐሙስ ጀምሮ ሽሮ ሜዳ ብቅ ካላችሁ በሁለቱ ሱቆች መካከል ስመላለስ ታገኙኛላችሁ። አዲስ ደብተር ገዝቻለሁ።